ተደውሎ አልተነሳም

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ድኛለሁ። ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ ወረቀቴን አገላብጦ “እማማ፣ ምንም የለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ብቅ ይበሉ” ብሎኛል። ይህን ከምታነቡት መካከል የኔው በሽታ ያለባት ሴት ካለች እዚህ ላይ ትንፋሽ ትውሰድ። ይዳናል። ከዚህ በታች ያለው ግን ደስ አይልም። ያማረውን ብቻ መርጬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

ስሜ አስካለ ነው። አየር ጤና አካባቢ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት ዩኒት ሊደር ሆኜ ሠርቻለሁ። ያረፈደውን በር ላይ የምታስቀር፣ ሸሚዙን ያላስገባውን የምታስገባ፣ ሰልፍ ያዛነፈውን ጆሮውን ይዛ ወደ ቦታው የምትመልስ ሴትዮ አለች አይደል? እሷ ነኝ። መምህራኑ ራሳቸው ሲያረፍዱ በጓሮ በር ነበር የሚገቡት። ባለቤቴ ጌታሁን ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው። “አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ ቅዱሳኑን በቁመት ታሰልፊያቸዋለሽ” እያለ ይቀልድብኛል። እኔም አልክድም፤ ሰልፍ እወዳለሁ።

የወር አበባዬ ከቆመ አራት ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ቀን ደም አየሁ። ጥቂት ናት። ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው “ወጣትነትሽ ተመለሰ በይ! ጌታሁንን ቀለብ ጨምሪለት” ብለው ሳቁ፤ አብሬያቸው ሳቅሁ። ከወር በኋላ እንደገና መጣ። ከዚያ ወገቤን ይቆረጥመኝ ጀመር፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ ግድግዳ መደገፍ አበዛሁ። ተማሪዎቹ “ዩኒት ሊደሯ አርጅታለች” ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ፤ ያን ቀን ሁለቱን አንበርክኬያለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የገጠመኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ትናንት ጆሮውን ይዤ ከሰልፍ ያወጣሁትን ልጅ ነው የሚመስለው። “እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?” አለኝ በትሕትና።

“ኩላሊቴን” አልኩት።

አያችሁ፣ በዚህች አንድ ቃል ሦስት ወር አቃጠልኩ። እኛ ሴቶች እንዲህ ነን፤ ከወገብ በታች ያለው ሁሉ ለእኛ ኩላሊት ነው። እናቶቻችን እንዲህ አስለመዱን፣ እኛም ለልጆቻችን አወረስን። ለዚያ ልጅ ስለ ደሙ እንዴት ብዬ ልንገረው? እሱ ደግሞ የነገርኩትን አምኖ ሽንቴን አስመረመረ፣ ኢንፌክሽን አለ ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩና እዚያም “ኩላሊቴን” አልኩ፤ “ኩላሊትሽ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ” አሉኝ። ጠጣሁ። ውሃ በጆግ ስጠጣ፣ ሽንት ቤት ስመላለስ፣ ደሙን በጨርቅ ስደብቅ ሦስት ወር አለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ለተማሪዎችም ጥቅሱን ግድግዳ ላይ ያስለጠፍኩት እኔው ነኝ።

የኋላ ኋላ ያወጣችኝ እዚያው ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት። ለሦስተኛ ጊዜ “ኩላሊት” ብዬ ስቀመጥ፣ በአንድ ጎኔ መቀመጤን አየችና ተነሥታ በሩን ዘጋች። ወንበሯን አስጠግታ “እናቴ፣ ደም አለ አይደል?” አለችኝ። እኔ አስካለ፣ ስንቱን ያስለቀስኩ ሴትዮ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ያን ጊዜውኑ አልጋ ላይ አስተኝታ በመብራት አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። “ይህ ምርመራ እኮ ሁልጊዜ እዚሁ አለ፤ ክፍያም የለውም” አለችኝ ሪፈር እየጻፈችልኝ። በዚያ በር ስንት ዓመት ሙሉ ስመላለስ፣ የተለጠፈውን ወረቀት አንድ ቀን ቆሜ አላነበብኩትም። እባካችሁ፣ አንብቡት።

ከዚያ የትልቁ ሆስፒታል ነገር መጣ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ስድስት ሳምንት። ከዚያ ቅንጣት ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ፤ ውጤቱ ሌላ አንድ ወር። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ነው ተባልኩ። ሐኪሟ በእስክሪብቶ ሥዕል ሥላ አስረዳችኝ፤ ከቦታው ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ሩቅ ግን አልሄደም፤ ለቀዶ ሕክምና ትንሽ አልፏል፣ በጨረር ግን ይድናል። “ጊዜ ካልባከነ” የሚል ነገር ጨመረችበት። ቀጥላ ደግሞ የጨረር ወረፋ ወራት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው፤ እሷም አፍራ ወረቀቷን ታይ ጀመር።

የሆስፒታሉን ወረፋ ያላየ ሰው አይገባውም። ጎህ ሳይቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትሄዳላችሁ፤ ከናንተ የቀደመ አለ። ቀድሞ የመጣው ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ይጽፋል። በሩ ሲከፈት ሌላው “የኔ ሊስት ነው ትክክለኛው” ብሎ ሌላ ብጣሽ ያወጣል። ግፊያው፣ ስድቡ፣ የታመመ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚረገጠው! ሁለት ሳምንት ታገሥኩ። በሦስተኛው ከበር ላይ ካለችው ሱቅ ደብተር ገዛሁና መሀል ላይ ቆሜ “ስማ! ሁላችሁም ወደ ግድግዳው!” ብዬ በትምህርት ቤት ድምፄ ጮህኩ። ካንሰር ቢኖርብኝም ድምፄን አልነካውም። ተሰለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወረፋው ደብተር የኔ ሆነ። የመጣ ይመዘገባል፤ ሲጠራ ያልተገኘ ስሙ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ “ሰው አለኝ” የሚል ወደ ኋላ! አንድ ባለ ሱፍ “ዶክተሩን በስልክ አናግሬ ነው የመጣሁት” ሲለኝ “እኔም እግዜርን አናግሬ ነው የመጣሁት፤ ሂድና ተሰለፍ” አልኩት። ጥበቃው በሳቅ ሊሞት።

ብርቅነሽን ያገኘኋት በዚያ ደብተር ነው። “እትዬ፣ ስሜን ጻፊልኝ፤ እኔ ፊደል ላይ ሰነፍ ነኝ” አለችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ሳንሱሲ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ወላጆቿ ከዳውሮ መጥተው እዚህ ከተማ የሰነበቱ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ ባሏ ሞቶ መስከረም የምትባል አንድ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ቦርሳዋ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፤ የሆስፒታሉ መድኃኒት ሽታ ሲያቅለሸልሸኝ “አሽትቺ” ብላ ቦርሳዋን ትከፍትልኝ ነበር። በሽታችን አንድ፣ ደረጃውም አንድ። ለጨረር የተመዘገብነውም በአንድ ቀን ነው። እኔ ሰው ሳሰልፍ ስለቆየሁ እሷ ቀድማኝ ገባች፤ እሷ ሠላሳ ሰባተኛ፣ እኔ ሠላሳ ስምንተኛ ሆንን። “አለቃዬን ቀደምኳት!” ብላ ሳቀች።

“ስልክ እንደውላለን” ተባልን። ስልክ ማን ያምናል? ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድን ስማችን የት እንደደረሰ እንጠይቅ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ “ገና ነው” ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ደግሞ ክርክሩ አይጣል ነው። አንድ ሚስቱን ይዞ የሚመጣ ሰውዬ “በነፃ የሚሰጥ ነገር እንዲህ ነው፤ ነፃውን እየጠበቅህ ነፍስህ ትወጣለች፤ ሁሉንም ለግል ቢሰጡት ይሻላል” ይላል። አንዲት መምህርት ቱግ ትላለች፤ “ምን በነፃ አመጣው? ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው! ደግሞስ ለግል ቢሰጡት አንተ ትከፍላለህ?” ሰውዬው ጫማውን ያያል። ብርቅነሽ መሀል ትገባለች፤ “እኔስ ይህ ባይኖር ማን ይነካኝ ነበር? ዘግይቶም ቢሆን ስሜ አንድ ቦታ ላይ ተጽፏል።” ያኔ እኔ ደብተሬን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኳቸው፤ “ድሃ ሀብታሙን መቅደም የሚችልበት አንድ ቦታ ቢኖር ወረፋ ነው። ወረፋውን የነካ ጠላቴ ነው።” ብርቅነሽ አጨበጨበች። እውነቴን ነበር፤ ያኔ ያልኩትን አምኜበት ነው።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጠብቀኛል። ታናሽ ወንድሜ ደረጄ አየር ጤና ጋራዥ አለው። ከመኪና ጥገና ደንበኞቹ አንዱ እዚያው ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። “እታለም፣ አንድ ቃል ብቻ ፍቀጂልኝ። ሰውዬው ውለታ አለብኝ እያለ ነው” አለኝ።

“አንተ ልጅ፣ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው? ውጣ ከቤቴ!”

“ወረፋሽን ይዘሽ መቃብር ግቢ እንግዲህ!” ብሎ በሩን ደርግሞ ወጣ። ጌታሁን ከሶፋው ላይ “እሱ የፈራው ነገር ስላለ ነው” አለ ቀስ ብሎ። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር፤ አላወራሁትም እንጂ።

አራት ወር ጠበቅን። ደሙ እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደረጃ ስወጣ ፈሰሰብኝ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ልጆቹ እንዳያዩ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከክሁ ሽንት ቤት ገባሁና እዚያው ተቀመጥኩ። ጌታሁን መጥቶ በታክሲ ወሰደኝ። ድንገተኛ ክፍል ደም ሰጥተው መለሱኝ። ወረፋውን ግን ያ አያንቀሳቅሰውም አሉ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሞት ድሮ ለሌላ ሰው እንጂ ለኔ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን የጌታሁንን ጀርባ እያየሁ “ይህ ሰውዬ ብቻውን ምን ይበላ ይሆን?” እያልኩ አነጋለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ ደረጄ ጋራዥ ሄድኩ። መኪና ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ፊቱን ባለማየቴ ተመስገን ብዬ፣ ለእግሩ ነገርኩት፤ “ያን ሰውዬህን አናግረው።” ከሥር ወጣ። ዘይት በዘይት በሆነ ፊቱ አየኝ። ይቀልድብኛል ብዬ ነበር። እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገና ስልኩን አነሳ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ይኸው፣ አገባሁ።

በሁለተኛው ቀን ተደወለልኝ። ነገ ጠዋት ይምጡ ተባልኩ። ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ብርቅነሽ ደወለች። እሷ ጠዋት ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት ትደውልልኛለች። “እትዬ፣ ከየት ነሽ? የመኪና ድምፅ ይሰማል።”

“ለቅሶ እየሄድኩ ነው” አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

“ውይ! የማን?”

“የሩቅ ዘመድ ነው።”

“ነፍስ ይማር። አንቺም ብዙ አታልቅሺ፤ ደም የለሽም” አለችኝ።

ጨረር ክፍሉ በር ላይ ነርሷ ትልቁን መዝገብ ዘርግታ ስሜን ትፈልጋለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ስም ዝርዝር ከመምህር ጠረጴዛ ማዶ ቆሜ ሳነብ የኖርኩ ነኝ፤ ጽሑፍ ተገልብጦ ቢቀመጥ አያስቸግረኝም። ሠላሳ ስድስት ላይ ያለው ሰው ጀምሯል። ሠላሳ ሰባት፣ ብርቅነሽ። ከስሟ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ “ተደውሎ አልተነሳም” ተብሎ ተጽፏል። ሠላሳ ስምንት፣ እኔ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እኔ የመሰለኝ አሥር ሃያ ሰው አልፈው መሀል ላይ የሚሸጉጡኝ ነበር፤ ማንነታቸውን የማላውቃቸው አሥር ሃያ ሰዎች። ወረፋው እዚህ መድረሱን ማን ነገረኝ? የዘለልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷን ነው። ስልኳ በጡቷ ሥር የሚያድረው፣ አሁን ከግማሽ ሰዓት በፊት ነፍስ ይማር ያለችኝን ሴትዮ ነው።

ነርሷን “ይቺ ልጅ ስልኳን የምታነሳ ሰው ናት” ልላት አፌን ከፈትኩ። “እማማ፣ ይግቡ፤ ማሽኑ እየጠበቀ ነው” አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የጻፈው ሰውዬም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አፌን ዘጋሁና ገባሁ። አልጋው ቀዝቃዛ ነበር። ሆዴና ዳሌዬ ላይ በቀለም መስመር አሰመሩልኝ፤ እንዳይለቅ አታጥቢው አሉኝ።

ማታ ለጌታሁን ነገርኩት። “ንገሪያት” አለኝ። “ብትሰድብሽም ትስደብሽ። ሄዳ ስልኬ ክፍት ነበር ብላ ወረፋዋን ታስመልሳለች።”

“ሕክምናዬን ቢያቋርጡብኝስ? የደረጄ ሰውዬ ከሥራው ቢባረርስ?”

“አስካለ፣ ተደውሎለት ያልተገኘ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ይህን ሕግ ከአንቺ ነው የሰማሁት።”

ነገ እነግራታለሁ አልኩት። በማግሥቱ ስትደውል “ጠሩሽ እንዴ?” አለችኝ። “ኧረ አልጠሩኝም” አልኳት። “በይ፣ አንቺን ካልጠሩ እኔንም አላለፉኝም ማለት ነው፤ የምንለያየው በአንድ ቁጥር አይደል” አለችና ዘጋችው። እንግዲህ ሌላ ቀን ብነግራት ያንን ሁሉ ማብራራት ሊኖርብኝ ነው። ውሸት አንዴ ከተዘራ እየበዛ ይሄዳል። በየቀኑ ነገ እያልኩ አሳለፍኩት።

ሕክምናው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት ነው። ራሱ ጨረሩ አያምም፤ ልክ ፎቶ እንደመነሳት ነው። ያስቸገረኝ ሆዴ ነው፤ ተቅማጡ አንጀቴን ጨረሰው፣ ቆዳዬ ተቃጠለ፣ ጨው የሌለው ነገር እንኳ አፌ ላይ መረረኝ። ጌታሁን የአጃ ሾርባ መሥራት ተማረ። መጀመሪያ ቀን አሳርሮ “ይህ ደግሞ ጨረር ገባው” አለኝና ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ አለቀስኩ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ከመንካቱ በፊት እጁን አሻሽቶ ያሞቅ ነበር። አዳራሽ የምታጸዳዋ ሴት ደግሞ ሲደክመኝ ባልዲዋን ገልብጣ መቀመጫ ትሰጠኛለች። እነዚህን ሰዎች እስክሞት አልረሳቸውም። ሰው ስለ መንግሥት ሆስፒታል ክፉ ሲያወራ እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ተበላሸ። አሥር ቀን ቆመ። ሲጠገን የጀመርነው ቅድሚያ ተሰጠን፤ አዲስ ሰው መጥራት ቆመ። ብርቅነሽ ማክሰኞ ማክሰኞ መሄዷን አላቋረጠችም። እንዳታገኘኝ እኔ የማክሰኞውን ለምኜ ከሰዓት አደረግሁት። እኔ “አሞኛል” ስላልኳት ደብተሩን ልጇ መስከረም ተቀበለችኝ፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ ጠዋት ስም እየጻፈች። ሁልጊዜም “ገና ነው” ይሏቸዋል። እሷም እኔን እየጠየቀች ትረጋጋለች። እኔ አልተጠራሁማ!

ከዚያ ስልኳ ቀነሰ። አንድ እሑድ ሄድኩላት። ሳንሱሲ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ናት። የቅመም ከረጢቶቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ብርቅነሽ አልጋ ላይ ናት፤ እግሮቿ አብጠው ቆዳው ያብረቀርቃል። እብጠቱ የሽንት መውረጃዋን ተጭኖት ኩላሊቷ ደክሟል ብለዋታል። ኩላሊት! እኔ በውሸት ስጠራው የኖርኩት ኩላሊት፣ እሷ ጋ በእውነት መጣ።

“እትዬ፣ ወዝሽ መለስ ብሏል” አለችኝ ፊቴን እያየች።

“ውፍረት ነው፤ እብጠት” አልኳት። ከቀሚሴ ሥር ያ የቀለም መስመር የሚያሳክከኝ መሰለኝ። ነጠላዬን ወደ ሆዴ ሰበሰብኩ።

“ጠሩሽ?”

መስከረም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ጌታሁን ጠዋት ስወጣ “ዛሬ ነው” ብሎኛል፤ እኔም “አዎ፣ ዛሬ ነው” ብዬ ነበር የወጣሁት። ዓይኗን አየሁት። ብነግራት ምን ታደርገዋለች? አሁን ወረፋ ቢያስመልሱላት ምን ይሠራላታል? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ፊቷ ሲለወጥ ማየት አልቻልኩም።

“ገና ነኝ” አልኳት።

“እንግዲያው እኔም ገና ነኝ” አለች ዓይኗን ጨፍና። እጄን ያዘችኝ። “አንቺ ካለሽበት እኔም ወረፋዬ አይጠፋብኝም። አንቺ ወረፋ አታዛንፊም።”

ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን ኖረች። ቀብሯ ላይ ከዘመዶቿ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ደግፈው ነው ከመቃብሩ ያነሱኝ። “እንዴት ያለች ጓደኛ ነች” ሲሉ ሰማሁ። ጌታሁን ክንዴን ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አሁን ሰዎች ሚኒባስ ውስጥ ስለ ወረፋ ሲከራከሩ ስሰማ ዝም እላለሁ። ማሽኑ ያንሳል፤ እውነት ነው። ሐኪሙ ያንሳል፤ እውነት ነው። ስድስት ሳምንት፣ አንድ ወር፣ አራት ወር ሰው ሳይታከም መቀመጥ የለበትም፤ ይህን ማንም ፊት እናገራለሁ። ግን በዚያች አጭር ወረፋ ላይ እንደኔ ያለ ሰው በየጓሮው ሲገባባት ወደ መጨረሻ የሚገፋ አንድ ሰው አለ፤ ስሙም ከጎኑ “ተደውሎ አልተነሳም” ይባልበታል። ደረጄ “እንደዚያ ባላደርግ አንቺ ነበርሽ የምትሞቺው” ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ነው። የማውቀው ወረፋው ሳይነካ ቢቀር እሷ እኔ በገባሁበት ቀን ትጀምር እንደነበር፣ እኔ ደግሞ ከእሷ ቀጥዬ እንደነበርኩ ነው። ከቀጣዩ ሳምንት በፊት እሞት ነበር? አላውቅም። ላውቅም አልችልም። ደም ካያችሁ ግን ደም በሉ፤ ኩላሊት አትበሉ። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ከእናንተ በፊት መስከረም ታነበዋለች፤ በእጄ ወስጄ እሰጣታለሁ፣ እስክትጨርስም በሩ ላይ እቆማለሁ።

ባለፈው ስሄድ መናገር አልቻልኩምና ነው። ከቀብሩ አንድ ወር በኋላ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው፤ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። የእናቷን ቅመም እየለካች በላስቲክ ታስር ነበር። አስቀመጠችኝና ሻይ ሰጠችኝ። ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ብድግ አለች።

“እትዬ፣ ለካ ሳልነግርዎት! ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ ደውለው ነበር።”

“ማን?”

“ጨረር ክፍሎቹ። የእማዬ ወረፋ ደርሷል፣ ሰኞ ትምጣ አሉ። አርፋለች አልኳቸው። ሴትየዋ አዘነች። ከዚያ ልትዘጋው ስትል ትንሽ ቆዪ አልኳትና” አለች መስከረም፣ “ከእናቴ ቀጥሎ የተመዘገቡ እትዬ አስካለ የሚባሉ አሉ፣ እስካሁን እየጠበቁ ነው፣ የእናቴን ቦታ ለእሳቸው ስጡልኝ አልኳት። እማዬም እንደዚያ ነበር የምትለው። ‘እንጽፈዋለን’ ብላኛለች። ስልክዎን እንዳይዘጉት፣ እትዬ። ሊደውሉልዎት ነው።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ” አልኳት። ስልኬንም ከቦርሳዬ አውጥቼ ክፍት መሆኑን አሳየኋት።